የክላሽ ቤተሰብ ስሞች፦ ፊደሉና ቁጥሩ ስለ ጥይቱ ምን ይናገራሉ?

"ክላሽ" ስንል አንድ መሣሪያ የምንጠራ ይመስለናል። በተግባር ግን ቢያንስ አራት ዓይነት ጥይት የሚጎርሱ፣ በብዙ አገሮች የተሠሩ ጠብመንጃዎች የጋራ ስም ነው። የአንዱ ጥይት ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ የስሙን አወጣጥ ማወቅ ጥቅም አለው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከኤኬ እስከ ኤኬኤም

"ኤ" የአቭቶማት (በሩሲያኛ አውቶማቲክ ጠብመንጃ)፣ "ኬ" የነዳፊው የካላሽኒኮቭ መነሻ ፊደል ነው። የሶቪየት ጦር መሣሪያውን የተቀበለው በ1949 ነው። 47 የሚለው ቁጥር የመጣው ንድፉ ለውድድር ከቀረበበት ከ1947 ነው። የሠራዊቱ መመሪያ ግን "7.62 ሚሊ ሜትር የካላሽኒኮቭ አቭቶማት (ኤኬ)" ብሎ ያልፋል፤ 47 አይልም። ዓለም ሁሉ ኤኬ-47 ብሎ የሚጠራው መሣሪያ በገዛ አገሩ መዝገብ ላይ በዚህ ስም አልሰፈረም ማለት ይቻላል። "ዓይነት 1፣ 2፣ 3" የሚባለው ክፍፍልም የምዕራብ ሰብሳቢዎች ያወጡት እንጂ የፋብሪካው አይደለም።

በ1959 ኤኬኤም መጣ። "ኤም" የተሻሻለ ማለት ነው። አካሉ ከተፈለፈለ ብረት ወደ ታጠፈ ላሜራ ስለተለወጠ ወደ 1 ኪሎ ገደማ ቀለለ። ዛሬ ኤኬ-47 ተብሎ ፎቶው ከሚለጠፈው አብዛኛው በእውነቱ ኤኬኤም ወይም የእሱ ቅጂ ነው። ስሙ ላይ "ኤስ" ከተጨመረ ሰደፉ ይታጠፋል። "ኤን" ከተጨመረ ደግሞ የሌሊት መነጽር መያዣ አለው። ጥይቱ በሁሉም ያው 7.62 በ39 ነው (የመጀመሪያው የአፈሙዙ ስፋት፣ ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት በሚሊ ሜትር)። እስከዚህ ድረስ ፊደሉ የሚናገረው ስለ ቅርጹ ብቻ ነው። ጥይቱ አንድ ስለነበረ ሌላ መለያ አላስፈለገም።

ቁጥሩ ትርጉም ያገኘበት ጊዜ

አሜሪካኖች በኤም-16 ወደ ትንሽ ጥይት ሲሄዱ ሶቪየቶችም ተከተሉ። በ1974 ኤኬ-74 ሲገባ ጥይቱ 5.45 በ39 ሆነ። የአሮጌው ጥይት አረር 7.9 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የአዲሱ 3.4 ግራም ገደማ ነው። ወታደሩ በዚያው ክብደት ብዙ ጥይት መያዝ ቻለ፣ የመሣሪያው ምትም ቀነሰ። ሁለቱ ጠብመንጃዎች በጣም ስለሚመሳሰሉ በኤኬ-74 ሰደፍ ጎንና ጎን ረጅም ቦይ ተቆፈረ። በጨለማ በእጅ ዳብሶ ለመለየት ነው። ብልህ መፍትሔ ነው፤ ስም ከማንበብ ይቀላል።

ከዚህ ኤኬኤስ-74ዩ የሚባለው አጭሩ ("ዩ" ያጠረ ማለት ነው) እና በ1991 የወጣው ኤኬ-74ኤም ተወለዱ። የኋለኛው ጥቁር ፕላስቲክ ሰደፉ ወደ ጎን ይታጠፋል። ለቀጣዩ ትውልድ መሠረት የሆነው እሱ ነው።

ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ክላሽን የሚሠራው የኢዝሄቭስክ ፋብሪካ ገበያ መፈለግ ነበረበት። ገዢው የናቶ ጥይት ቢፈልግስ? በ1990ዎቹ የመጣው የ100 ተከታታይ መልሱ ነበር። ኤኬ-101 የናቶውን 5.56 በ45 ይጎርሳል፤ ኤኬ-102 የእሱ አጭር ነው። ኤኬ-103 ወደ ነባሩ 7.62 በ39 ይመለሳል፤ አጭሩ ኤኬ-104 ነው። ኤኬ-105 የ5.45 አጭር ነው። የ5.45 ረጅሙ የት አለ ካልን፣ ኤኬ-74ኤም ቀድሞ ስለነበረ አዲስ ቁጥር አላስፈለገውም። ከኤኬ-107 እስከ 109 ያሉት ግን ሌላ የውስጥ አሠራር ስላላቸው በዚህ መንገድ አይነበቡም።

የ200 ተከታታይም ያንኑ ሥርዓት ይዞ ሄደ። 201 የናቶ ጥይት፣ 203 ደግሞ 7.62 በ39 ነው። ሕንድ በ2021 ከ600,000 በላይ ኤኬ-203 አገር ውስጥ ለመሥራት ተፈራርማለች።

ከዚያ በኋላ ሥርዓቱ ተበላሸ። በ2018 ጦሩ የተቀበለው ኤኬ-12 5.45 ሲሆን ወንድሙ ኤኬ-15 ባለ 7.62 ነው፤ ኤኬ-19 የናቶ ጥይት ይጎርሳል። ከቁጥሮቹ ይህን መገመት አይቻልም። ኤኬ-308 ብቻ ስሙን ከጥይቱ (.308፣ ማለትም 7.62 በ51) ወስዷል። ኤኬ-12 ራሱ መጀመሪያ የታየው ሌላ ንድፍ ሆኖ ነበር። ስሙ ቀረ፣ መሣሪያው ተለወጠ።

ከሩሲያ ውጭ

ቻይና ስም የምታወጣው በዓመት ነው። በዚህም "ዓይነት 56" የሚለው ስም ለክላሹ፣ ለኤስኬኤስ ካርባይንና ለአርፒዲ መትረየስ ለሦስቱም ተሰጠ። ዩጎዝላቪያ ኤም70 (7.62 በ39)፣ ኤም77 (7.62 በ51) እና ኤም76 የተባለውን ባለ 7.92 ስናይፐር ሠራች። የፖላንድ ታንታል 5.45፣ ቤሪል 5.56 ናቸው። የእስራኤሉ ጋሊል ከፊንላንድ ክላሽ የተወለደ ሲሆን በ5.56ም በ7.62 በ51ም ተሠርቷል። የቼኮዝሎቫኪያው ቪዜድ 58 መልኩ ክላሽ፣ ጥይቱም የክላሽ ነው። ውስጡ ግን ፍጹም ሌላ ነው።

በእኛ ዘንድ

የኛ ሰው መሣሪያን በራሱ አንደበት ማላመድ ያውቅበታል። የፈረንሳዩ ፉዚል ግራ ውጅግራ ሆነ፣ የእንግሊዙ ስናይደርም ሰናድር። ክላሽ በብዛት የገባው ደርግ በ1977 ወደ ሶቪየት ከዞረ በኋላ ነው። ሕዝቡ ታጣፊ ክላሽ ብሎ በሰደፉ ይለየዋል እንጂ ኤኬኤምኤስ አይልም። እውነቱን ለመናገር ያ አጠራር ከፋብሪካው ይልቅ ግልጽ ነው። ቀላል መትረየሱን ደግሞ፣ የማንም ሥሪት ቢሆን፣ በእንግሊዙ ብሬን ስም ይጠራዋል።

ችግሩ "7.62" ሲባል ነው። በአገራችን ይህን ቁጥር የሚጋሩ ቢያንስ አራት የተለያዩ ጥይቶች አሉ። ምርኮኛ ያልሰጠው የቃኘው ሻለቃ በኮሪያ የተዋጋበት ኤም-1 (ጋራንድ) ጥይቱ 7.62 በ63 ነው። ኤም-14 7.62 በ51 ነው። ክላሽ 7.62 በ39፣ ፒኬኤም መትረየስና ድራጉኖቭ 7.62 በ54 ናቸው። የመጀመሪያው ቁጥር የአፈሙዙ ስፋት ነው። ሁለተኛው የቀለሁ ርዝመት ነው፣ ልዩነቱም እዚያ ላይ ነው። የኤም-14 ጥይት 71 ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚረዝም 56 ሚሊ ሜትር ለሚሆን ጥይት በተሠራው የክላሽ ካዝና ውስጥ ጨርሶ አይገባም።