ቦብ ዩከር፦ በራሱ ላይ የቀለደው እና እውነታው

የቤዝቦል ተጫዋችና የሬዲዮ አስተላላፊ የነበረው የአሜሪካዋ ከተማ የሚልዋኪ ተወላጅ ቦብ ዩከር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በጥር 2025፣ በ90 ዓመቱ አረፈ። ዕድሜ ልኩን በራሱ ችሎታ ሲቀልድ ኖሯል፤ ብዙ ሰው ግን ቀልዱን እንደ ታሪክ ይዞታል። ይህ ያስቆጨኛል፤ ስለ እርሱ የሚባለውን አንድ በአንድ ከእውነታው ጋር ላስተያይ።

«መጫወት የማይችል ተጫዋች ነበር።»
መምታት አልሆነለትም፤ ይህ እውነት ነው። ከ1962 እስከ 1967 በሜጀር ሊግ (በአሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ሊግ) ሲጫወት ከ731 ሙከራዎች የተሳኩለት 146 ብቻ ናቸው። ነገር ግን ሥራው ኳስ ተቀባይ መሆን ነበር። ተቀባይ ከመቺው ጀርባ ቁጢጥ ብሎ፣ ምን ዓይነት ኳስ እንደሚወረወር ለወርዋሪው በጣቱ ምልክት ይሰጣል። ክለቦች ስድስት የውድድር ዘመን ያቆዩት ለዚህ ነው። ደግሞም ከ14 ሆም ረኖቹ (ኳሱን ከአጥር ውጭ ከሚያወጡ ምቶቹ) አንዱን የመታው በዚያ ዘመን እጅግ ይፈራ በነበረው ወርዋሪ በሳንዲ ኮፋክስ ላይ ነው።

«በተቀባይነቱም ደካማ ነበር፤ በ1967 ከሊጉ ተቀባዮች ሁሉ ብዙ ኳስ ያመለጠው እርሱን ነው።»
ቁጥሩ ልክ ነው፤ 27 ኳስ አምልጦታል። ፍርዱ ግን ትክክል አይደለም። በዚያ ዓመት በአትላንታ ብሬቭስ ክለብ ይቀበል የነበረው የወርዋሪውን የፊል ኔክሮን ነክልቦል ነው። ይህ ኳስ በጣት ጫፍ ተይዞ ሳይሽከረከር ይወረወራል። ስለማይሽከረከር አየሩ ስፌቱን እየገፋ ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል፤ የት እንደሚያርፍ መቺውም፣ ተቀባዩም፣ ወርዋሪው ራሱም አያውቁም። እንዲህ ያለ ኳስ ስም የሚያጠፋው የተቀባዩን ነው። ዩከር ግን ኔክሮን «አንተ ሁልጊዜ እርሱን ወርውር፣ መያዙን ለእኔ ተወው» በሚል መንፈስ አደፋፈረው። ኔክሮ በዚያው ዓመት ጥቂት ነጥብ ብቻ ስለተቆጠረበት፣ በዘጠኝ ኢኒንግ (በአንድ ሙሉ ጨዋታ ዙሮች) በአማካይ 1.87 ብቻ፣ ከናሽናል ሊግ (ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ) ወርዋሪዎች ቀዳሚ ሆነ። በእኔ እምነት ያመለጡት ኳሶች የዚያ ውጤት ዋጋ ናቸው።

«የ1964ቱን የሜጀር ሊግ ዋንጫ ተሰልፎ ነው ያሸነፈው።»
ዋንጫውን የወሰደው የካርዲናልስ ቡድን አባል ነበር፤ በፍጻሜው ሰባቱም ጨዋታዎች በተቀባይነት የተሰለፈው ግን ቲም ማካርቨር ነው። ዩከር ከጨዋታ በፊት በነበረው ልምምድ የሙዚቀኞቹን ቱባ (አፈ ሰፊ ትልቅ ጥሩምባ) ከሜዳ ላይ አንሥቶ ከሰማይ የሚወርዱትን ኳሶች በቱባው አፍ ይቀበል ነበር።

«የቤዝቦል የክብር አዳራሽ አባል ነው።»
በ2003 የተቀበለው ለአስተላላፊዎች የሚሰጠውን የፎርድ ፍሪክ ሽልማት ነው። ታላቅ ክብር ነው፣ አባልነት ግን አይደለም።

«ማይክሮፎን ያስያዘው ቀልዱ ብቻ ነው።»
ቀልዱማ በጆኒ ካርሰን የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ከ100 ጊዜ በላይ አስቀርቦታል። የሚልዋኪ ብሩወርስ ክለብን ጨዋታዎች ከ1971 እስከ 2024፣ ለ54 የውድድር ዘመን በሬዲዮ ማስተላለፍ ግን ሌላ ሙያ ነው። አድማጩ ሜዳውን አያይም፤ ኳሱ የት እንደ ሄደ፣ ማን እየሮጠ እንደሆነ ቃል በቃል ሊሣልለት ይገባል። ዩከር ቀልዱን የሚያወጣው ውጤቱ ሲራራቅ ነበር። ጨዋታው ሲከር ድምፁም አብሮ ይከራል፤ ኳሱ ወደ አጥሩ ሲበር «ተነሥ! ተነሥ! ውጣ ከዚህ! ሄደ!» እያለ ይከተለዋል።