ቸኮሌት በመሃል አዲስ አበባ፦ ለጤና ያለው ጥቅምና ጉዳት

ቸኮሌት ከካካዎ ፍሬ ይሠራል። ፍሬው ቦክቶ፣ ደርቆና ተቆልቶ ከተፈጨ በኋላ ስኳርና የካካዎ ቅቤ፣ ብዙ ጊዜም ወተት ይገባበታል። ከዓለም የካካዎ ምርት ግማሽ ያህሉ ከኮትዲቯርና ከጋና የሚመጣ ነው። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በካዛንቺስ ቸኮሌት በየሱቁ ባንኮኒ ላይ ከማስቲካና ከከረሜላ ጎን ይደረደራል፤ በሱፐርማርኬት ከውጭ የገባው ይሸጣል፤ በኬክ ቤቶች ደግሞ ኬክ ላይ ይፈስሳል፣ ካፑቺኖ ላይ ይነሰነሳል። የፒያሳ ኬክ ቤቶች ከጣሊያኖች የተወረሰውን ሙያ የራሳቸው አድርገው ለትውልድ ያቆዩ ናቸው።

«ቸኮሌት ለልብ ጥሩ ነው» ሲባል የሚወራው ስለ ካካዎው እንጂ ስለ ስኳሩ አይደለም። ካካዎ ውስጥ ያሉት ፍላቫኖል የተባሉ ንጥረ ነገሮች የደም ሥር ግድግዳ ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ እንዲያመነጭ ያግዛሉ፤ በዚህም ሥሩ ይላላል። የአውሮፓ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2012 በቀን 200 ሚሊግራም የካካዎ ፍላቫኖል የደም ሥርን የመለጠጥ ብቃት ለመጠበቅ እንደሚረዳ ተቀብሏል። ይህ መጠን ፍላቫኖሉ ካልተጓደለበት ጥቁር ቸኮሌት በ10 ግራም ይገኛል። ችግሩ መቦካቱና መቆላቱ ፍላቫኖሉን ይቀንሱታል፤ ካካዎው ምሬቱ እንዲለዝብ አሲድን በሚያረክስ ንጥረ ነገር (በአልካሊ) ከታከመ ደግሞ አብዛኛው ይጠፋል። ስለዚህ ማሸጊያው ላይ «70%» ተብሎ የተጻፈው የካካዎውን መጠን እንጂ የፍላቫኖሉን አይናገርም።

የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው ግምገማ 35 ጥናቶችን መርምሮ ካካዎ የደም ግፊትን በአማካይ ወደ 2 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ገደማ እንደሚቀንስ አገኘ። ትንሽ ነው፤ ጥናቶቹም ከ2 እስከ 18 ሳምንት ብቻ የቆዩ ነበሩ። ትልቁ ሙከራ ኮስሞስ ይባላል፤ ውጤቱ በ2022 ወጣ። 21,442 አረጋውያን አሜሪካውያን ተሳትፈውበታል፤ ካካዎ የደረሳቸው ቡድን በየቀኑ 500 ሚሊግራም ፍላቫኖል ይወስድ ነበር። የልብና የደም ሥር ሕመም በአጠቃላይ ጎልቶ አልቀነሰም፤ በእነዚህ ሕመሞች የሞቱት ግን በ27 በመቶ አነሱ። የሁለተኛው ውጤት ትርጉም እስካሁን ያከራክራል። ሁለት ነገር መታወቅ አለበት፦ ሰዎቹ የወሰዱት እንክብል እንጂ ቸኮሌት አልነበረም፤ ለሙከራው ከወጣው ገንዘብም ከፊሉን የሰጠው ቸኮሌት አምራቹ ማርስ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ኪኒኑን በቸኮሌት መተካት የለበትም።

የወተት ቸኮሌት ግማሹ ያህል ስኳር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ጣሪያ በቀን 50 ግራም ገደማ ሲሆን፣ 100 ግራም የሚመዝን አንድ ቸኮሌት ብቻውን ይሞላዋል። ማኪያቶው ላይ የሚጨመረው ሁለት ማንኪያ ገና አልተቆጠረም። ለስኳር ሕመምተኛና ለልጆች ጥርስ ዋናው ጉዳት ይኸው ነው። ርካሾቹ ደግሞ በካካዎ ቅቤ ፋንታ የፓልም ዘይት ይገባባቸዋል።

የጾም ጥያቄ በዚህ ከተማ ሁልጊዜ ይነሳል። ረቡዕና አርብ፣ በዐቢይ ጾም 55 ቀናትም፣ የወተት ቸኮሌት ፍስክ ነው፤ ወተት ያልገባበት ጥቁር ቸኮሌት ግን የጾም ነው። ጥቁር መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ ከይዘቱ ዝርዝር ውስጥ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስብ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ቅቤና እንቁላል ሳይነካ የሚጋገረው የከተማችን የጾም ቸኮሌት ኬክ የሚያኮራ ጥበብ ነው፤ ስኳሩ ግን ከፍስኩ አያንስም።

ጥቁሩም ከጉዳት ነጻ አይደለም። በ2022 አንድ የአሜሪካ የሸማቾች ድርጅት ከመረመራቸው 28 ጥቁር ቸኮሌቶች በ23ቱ ውስጥ፣ በቀን 28 ግራም ያህል ለሚበላ ሰው አሳሳቢ የሆነ መጠን ያላቸው እርሳስ ወይም ካድሚየም የተባሉ መርዛማ ብረቶች አግኝቷል። መለኪያው የካሊፎርኒያ ጥብቅ ገደብ ነበር። ካድሚየም ከአፈሩ ይመጣል፤ እርሳስ ደግሞ ፍሬው ሲሰጣ ከአቧራ ይያዛል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃናት ማሳነስ ይሻላል። ቸኮሌት ቃር ላለበት ሰው ቃሩን ሊያስነሳበት ይችላል፤ ውሻን ይመርዛል።

የሱቅ መስኮት ላይ የከሰዓት ፀሐይ ያገኘው ቸኮሌት ሲከፈት ነጭ ዱቄት የመሰለ ሽፋን ይታይበታል፤ ብዙ ሰው «ሻግቷል» ብሎ ይመልሰዋል። ሻጋታ አይደለም። የካካዎ ቅቤ 34 ዲግሪ ላይ ስለሚቀልጥ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ እንደገና ሲረጋ የሚፈጠር ነው፤ በጣት ሲያሹት ሟሙቶ ይጠፋል። አይጎዳም፤ ጥርስ ላይ ግን ይሻክራል። ሻጩ ለደንበኛው ፀሐይ ከማያገኘው ከውስጠኛው መደርደሪያ ቢያወጣ ይሻላል።