«ሊራራልን የሚችል» ማለት ምንድን ነው?

ሰሞኑን ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። አንድ ሰውዬ ሐዘንተኛዋን «ጌታም እኮ ተሰቃይቷል፤ ቻይው እንጂ!» አላት። አንገቷን ደፋች። እሱ ያጽናናት መሰለው።

ይቺን አባባል ስሰማ ስንተኛዬ እንደሆነ እንጃ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀስላት ዕብራውያን 4፥15 ነው፦ «ከኃጢአት በቀር በነገር ሁሉ እንደ እኛ የተፈተነ ነው እንጂ፥ በድካማችን ሊራራልን የማይችል ሊቀ ካህናት የለንም።» ሊቀ ካህናቱ ክርስቶስ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ጊዜ አላጠፋም። ነገሩ የሚበላሸው «መራራት» ላይ ነው።

በአማርኛ የሚራራ ሰው ብዙ ጊዜ ከላይ ነው። ሀብታም ለድሀ፣ ዳኛ ለተከሳሽ ይራራል። የግሪኩ ግስ ሲምፓቴኦ ግን ከሥሩ ሲታይ አብሮ መሰቃየት፣ አብሮ መሰማት ነው። በአዲስ ኪዳን ሁለት ቦታ ብቻ ይገኛል። ሁለተኛው እዚያው መልእክት 10፥34 ላይ ነው፤ ለታሰረ ሰው ራርተው የራሳቸውንም ንብረት ስለተነጠቁ ምእመናን ይናገራል። ከደጅ ቆመው «አይዞህ» ብለው የሄዱ አይደሉም። (ግሪክኛ አስተማሪ ነኝና ሳልጠየቅ ላስጠንቅቅ፦ የቃል ሥር ብቻውን ትርጉም አይሆንም። በጊዜው ተራ መራራትንም ይገልጽ ነበር። እዚህ ክብደት የሚሰጠው «እንደ እኛ የተፈተነ» የሚለው ነው።)

ለቅሶ ደራሽና ሐዘንተኛ አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ፤ አንድ ንፍሮ ይዘግናሉ። ደራሹ ግን ማታ ቤቱ ይገባል። ለእድር ብሎ የመጣ ከሆነማ ስሙ እስኪጠራ ነው፤ ከቀረ ይቀጣላ! ሐዘንተኛ መሄጃ የለውም፤ ቤቱ ያው ነው። ዕብራውያን 2፥14 ክርስቶስ በሥጋና በደም ተካፈለ ሲል፣ ደራሽ ሳይሆን የቤቱ ሰው ሆነ ማለቱ ነው። ፍራሹ ላይ ተቀምጧል። ምሳሌዬ እዚህ ጋ ይንገዳገዳል፦ ሐዘንተኛ ሐዘንተኛን ያቅፋል እንጂ አያነሣም። እሱ ግን ያነሣል፤ 4፥16 «የሚረዳንን ጸጋ» የሚለውም ለዚህ ነው።

ደግሞስ «ቻይው» ከየት መጣ? ትንሽ ወረድ ብሎ 5፥7 ላይ ያው ሊቀ ካህናት «ከብርቱ ጩኸትና ከእንባ ጋር» ጸለየ ይላል። እሱ ጮኾ እሷ ዝም ትበል?

ይህን ስናገር አንድ አስተያየት ሰጪ «ጌታ አልዓዛር እንደሚነሣ ያውቅ ነበር፤ እኛም ትንሣኤን ካመንን ለምን እናለቅሳለን?» አለኝ። ወንድሜ፣ ዮሐንስ 11ን እንደገና አንብበው። አዎ፣ ያውቅ ነበር። «ላስነሣው እሄዳለሁ» ብሎ ነው የተነሣው። ከዚያ ግን የአልዓዛር እኅት ማርያም ስታለቅስ አይቶ በመንፈሱ አዘነ፣ ታወከ፣ እንባውን አፈሰሰ። ማርታም ማርያምም በየተራ «አንተ በዚህ ኖረህ ብትሆን ወንድሜ ባልሞተም ነበር» አሉት። ይሄ ወቀሳ እኮ ነው! አልተቆጣቸውም። ማወቁ እንባውን ካላስቀረ፣ የእኛ ማመን እንዴት ያስቀር?

እዚህ ስደርስ «ታዲያ መለኮት ይታመማል ወይ?» የሚለኝ አይጠፋም። አይታመምም። የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ የቅዱስ ቄርሎስ መልስ፣ ቃል (ማለትም ወልድ) የገዛ ራሱ ባደረገው ሥጋ መከራን ተቀበለ የሚል ነው። ቅዳሴውም «ሕያው ዘኢይመውት» (የማይሞት ሕያው) ያለውን ያንኑ ተሰቀለ ይለዋል። ስለዚህ ያለቀሰው ሌላ ሰው፣ የሚያጽናናን ሌላ አምላክ አይደለም።

ሰውዬው «ታዲያ ምን ልበላት?» ቢለኝ መዝሙር 13ን እሰጠው ነበር (በጥንቱ የግሪክኛ ትርጉም፣ በሰባ ሊቃናት፣ መዝሙር 12 ነው)፦ «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽሞ ትረሳኛለህ?» አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያንብብላት። ማብራሪያ አይጨምርበት።