የመድኃኒት መጠን ስሌት ምንድን ነው?

የሕፃኑ ካርድ ላይ «ፓራሲታሞል ሽሮፕ 180 ሚሊግራም» የሚል ትእዛዝ አለ። ጠርሙሱ ላይ ደግሞ «120 ሚሊግራም በ5 ሚሊሊትር» ተብሎ ተጽፏል። ሕፃኑ በትኩሳት ይነጫነጫል። እናቱ እጃችሁን እያየች ነው። ሲሪንጁን ስንት ላይ ታቆሙታላችሁ?

የመድኃኒት መጠን ስሌት የሚባለው ይህን ጥያቄ መመለስ ነው። ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በመድኃኒቱ ክብደት ነው፦ በግራም፣ በሚሊግራም ወይም በማይክሮግራም። እጃችን ላይ ያለው ግን ክኒን፣ ሽሮፕ ወይም ብልቃጥ ነው። የታዘዘው ክብደት ስንት ክኒን፣ ስንት ሚሊሊትር፣ በደቂቃስ ስንት ጠብታ እንደሚሆን አስልቶ መስጠት የነርስ ሥራ ነው።

ሒሳቡ ከማባዛትና ከማካፈል አያልፍም። የታዘዘውን መጠን እጃችሁ ላይ ላለው መጠን ታካፍላላችሁ። ያገኛችሁትን ደግሞ መድኃኒቱ ባለበት ፈሳሽ ልክ ታባዛላችሁ። 180 ለ120 ሲካፈል 1.5 ይሆናል። በ5 ሲባዛ 7.5 ሚሊሊትር።

ቀላል ነው። ታዲያ ጎበዝ ተማሪዎች ለምን ይሳሳቱበታል? ቀመሩን ሸምድዶ የገባ ተማሪ ሲደነግጥ ይገለብጠዋል። 120ን ለ180 ያካፍልና 3.3 ሚሊሊትር ያገኛል። ነጥቧ ያመለጠችው ደግሞ 75 ሚሊሊትር ይጽፋል። ካልኩሌተር አያድንም። የሰጡትን ቁጥር ያሰላል እንጂ «ይሄ ለሕፃን አይሆንም» አይልም።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ገምቱ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይህን ያዙልኝ። ጠርሙሱን እዩት። በ5 ሚሊሊትር ውስጥ 120 ሚሊግራም አለ። በ10 ሚሊሊትር ውስጥ 240 ይኖራል ማለት ነው። 180 መሃል ላይ ናት። መልሱ ከ5 በላይ፣ ከ10 በታች መሆን አለበት። ይህን ካወቃችሁ በኋላ 3.3ም ሆነ 75 ቢመጣ ወዲያው ትነቃላችሁ። ግምቱ አሥር ሰከንድ አይፈጅም።

ሌላም ማየት ያለባችሁ ነገር አለ። ትእዛዙ ራሱ ልክ ነው? ለልጆች ፓራሲታሞል በአፍ ሲሰጥ፣ በተለምዶ በአንድ ጊዜ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊግራም ነው። ሕፃኑ 12 ኪሎ ከሆነ 12 በ15 ሲባዛ 180። ይስማማል። 6 ኪሎ ከሆነ ግን ትእዛዙ እጥፍ ነው። ያኔ የቱንም ያህል አሳምራችሁ ብታሰሉ የምትሰጡት የተሳሳተ ዶዝ ነው። ቆም ብሎ ያዘዘውን ባለሙያ መጠየቅ ድፍረት ወይም ንቀት አይደለም። የስሌቱ አካል ነው።

ወደ መለኪያዎቹ ስንመጣ፣ ብዙ ሰው የሚሰናከልባት ሚሊግራምና ማይክሮግራም ላይ ነው። 1 ሚሊግራም 1,000 ማይክሮግራም ነው። ዲጎክሲን 0.125 ሚሊግራም ታዘዘ እንበል። ክኒኑ ላይ የተጻፈው 250 ማይክሮግራም ነው። ዝም ብሎ 0.125ን ለ250 ያካፈለ ሰው ትርጉም የሌለው ቁጥር ያገኛል። መጀመሪያ ሁለቱን ወደ አንድ መለኪያ አምጡ። 0.125 ሚሊግራም 125 ማይክሮግራም ነው። ግማሽ ክኒን። በእያንዳንዱ መስመር ላይ ከቁጥሩ አጠገብ መለኪያውን የመጻፍ ልማድ ካላችሁ እንዲህ ያለው ስህተት ራሱ ዓይናችሁ ላይ ይመጣል።

አጻጻፍም ሰው ይጎዳል። «1.0 ሚሊግራም» ብላችሁ ስትጽፉ ነጥቧ ከደበዘዘች 10 ተብሎ ይነበባል። «.5» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ 5 ይሆናል። ሁለቱም አሥር እጥፍ ነው። ስለዚህ 1 ብቻ ጻፉ፤ ከነጥብ በፊት ቁጥር ከሌለ 0 አስቀድሙ፣ 0.5 በሉ። ኢንሱሊን የሚለካበትን «ዩኒት» የሚለውን ቃል በሙሉ ጻፉት። በአንድ የላቲን ፊደል፣ በU፣ ሲያሳጥሩት ፊደሏ ዜሮ መስላ 10 ዩኒት 100 ይሆናል። ኢንሱሊን የራሱ ሲሪንጅ ያለውም በምክንያት ነው። በ1 ሚሊሊትር ውስጥ 100 ዩኒት ካለ፣ 10 ዩኒት ማለት 0.1 ሚሊሊትር ብቻ ነው። በተራ ሲሪንጅ ይህን መለካት ጨዋታ አይደለም።

የብልቃጥ ጽሑፍም ግራ ያጋባል። ሊዶኬይን 2 በመቶ ማለት በ100 ሚሊሊትር ውስጥ 2 ግራም ማለት ነው፤ በ1 ሚሊሊትር 20 ሚሊግራም። አድሬናሊን 1 ለ1,000 ማለት በ1,000 ሚሊሊትር ውስጥ 1 ግራም ማለት ነው፤ በ1 ሚሊሊትር 1 ሚሊግራም። 1 ለ10,000 የሚለው ግን 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ዜሮው የበዛው ቀጭኑ ነው። ሰው ተጣድፎ ሲያይ የተገላቢጦሹ ይመስለዋል።

ግሉኮስ ስታንጠለጥሉ ደግሞ ሰዓት ይጨመራል። 1,000 ሚሊሊትር በ8 ሰዓት ይለቅ ተብሏል። የቱቦው ማሸጊያ ላይ «20 ጠብታ በ1 ሚሊሊትር» ይላል። ጠቅላላው 20,000 ጠብታ ነው። 8 ሰዓት 480 ደቂቃ ነው። ሲካፈል 41.7 ይመጣል፤ ጠብታ ስለማይከፈል 42 እንላለን። አልጋው አጠገብ ቆማችሁ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ከከበዳችሁ፣ በ15 ሰከንድ ከ10 እስከ 11 ጠብታ መውረድ አለበት። ማሸጊያውን ሳታዩ ግን አትጀምሩ። ቱቦው 10 ወይም 15 ጠብታ የሚልም አለ። ለልጆች የሚሆነው 60 ነው። በ60ው ሥራው ይቀልላል፦ በሰዓት 30 ሚሊሊትር ከሆነ በደቂቃ 30 ጠብታ ነው። ቁጥሩ አይለወጥም።

ልምምዱ እንዴት ይሁን? ለፈተና ዋዜማ መቶ ጥያቄ ከማጠራቀም በየቀኑ አምስት መሥራት ይሻላል። ባዶ ብልቃጦችና ጠርሙሶች ካገኛችሁ ሰብስቡ፤ ጥያቄውን ከራሱ ከጽሑፉ አውጡ። ሲሪንጅ ውስጥ ውኃ ቅዱና መልሳችሁን በዓይናችሁ እዩት። 7.5 ሚሊሊትር ወረቀት ላይ ቁጥር ነው፤ ሲሪንጅ ውስጥ ግን ሕፃን የሚውጠው ፈሳሽ ነው። መልሳችሁ አምስት ብልቃጥ ክፈቱ ወይም ስምንት ክኒን ስጡ ካላችሁ፣ እንደገና አስሉ።

ከጓደኛ ጋር ስትሠሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። «7.5 አገኘሁ፣ ልክ ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ ማረጋገጥ አይባልም። ቁጥሩን አንዴ የሰማ ሰው አእምሮው ወደዚያው ይጎተታል። ትእዛዙንና ጠርሙሱን ስጡት፣ መልሳችሁን ደብቁ። እሱ ለብቻው ያስላ። ከዚያ አስተያዩ። ዋርድ ውስጥም ሁለተኛ ሰው ሲያመሳክር የሚሠራው እንዲህ ነው።

አንድ ጥያቄ ልተውላችሁ። ጄንታማይሲን 60 ሚሊግራም ታዟል። ብልቃጡ 80 ሚሊግራም በ2 ሚሊሊትር ይላል። ካልኩሌተሩን አስቀምጡት። 2 ሚሊሊትር 80 ከያዘ 1 ሚሊሊትር 40 ይይዛል፤ መልሱ በሁለቱ መሃል ነው። አሁን አስሉት።