መንፈስን የሚያድስ የሆስፒታል ሥዕል ምንድን ነው?

«መንፈስን የሚያድስ» የሚለው ምስጋና በአሁኑ ጊዜ ሆስፒታል ግድግዳ ላይ ለዋለ ነገር ሁሉ ይሰጣል። የእንግዳ መቀበያውን ቢጫ የቀባው ቀለም ቀቢ፣ የፀሐይ መውጫ ፎቶግራፍ አሳትሞ የለጠፈው ማተሚያ ቤት፣ ርግብና ቀስተ ደመና የሳለው ሠዓሊ፣ ሁሉም በምረቃው ዕለት በዚሁ ስም ይመሰገናሉ። በቅርቡ ደግሞ አንድ አስተያየት ሰጪ፣ ደማቅ ቀለምና ፈገግ ያለ ፊት የሌለበት ሥዕል ለሕመምተኛ ተስፋ ሊሰጥ አይችልም ብሎ በሙሉ እርግጠኝነት ጽፎ አነበብሁ። ለሆስፒታሎች በትእዛዝ የምሥል ሰው እንደ መሆኔ ይህን አባባል ብዙ ጊዜ በዝምታ አልፌዋለሁ፤ አሁን ግን መልስ ሊሰጠው የሚገባ ይመስለኛል።

ለሆስፒታል የሚታዘዝ መንፈስን የሚያድስ ሥዕል ማለት፣ በአንድ ተለይቶ በታወቀ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ተለይቶ በታወቀ የሰውነት ሁኔታ ላይ ለሚገኝ ሰው፣ እርሱ ሳይመርጠው ፊቱ እንዲኖር ታስቦ የሚሠራ ሥዕል ነው። የኤግዚቢሽን ተመልካች በራሱ እግር ይመጣል፣ ቆሞ ያያል፣ ካልወደደውም ወደሚቀጥለው ያልፋል። ሕመምተኛው ከሦስቱ አንዱንም አያደርግም። አስተያየት ሰጪው የተመለከተው በሥዕሉ ላይ ምን እንደ ተሣለ ብቻ ነው፤ ሥራው የሚጀምረው ግን ሥዕሉን የሚያየው ዐይን የት እንዳለ ከመለካት ነው። በምረቃ ቀን የሚያደንቁት የቆሙ ሰዎች ናቸው፤ ሥዕሉ የተሠራለት ሰው ተኝቷል።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ ነገር ላንሣ። አንድ ሆስፒታል ያስረከብኋቸውን ሥዕሎች በየአልጋው ራስጌ በላይ አሰቀላቸው። ለምን እንደሆነ ብጠይቅ፣ ሐኪሞችና ጠያቂዎች በሩን ከፍተው ሲገቡ ወዲያው እንዲያዩዋቸው ነው ተባልሁ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሥዕሉን ፈጽሞ ሊያየው የማይችለው ሰው ሥዕሉ የታዘዘለት ሰው ብቻ ነበር። ሕሙሙ በጀርባው ተኝቶ የሚያየው ኮርኒሱን፣ ዐይን የሚወጋውን የፍሎረሰንት መብራት፣ የበሩን የላይኛውን ጠርዝ፣ ከመስቀያው ላይ የሚንጠባጠበውን ግሉኮስና ከግርጌው ትይዩ ያለውን ግድግዳ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ ከግርጌ በኩል ይሰቀላል፤ ቁመቱም ትራስ ላይ ካረፈ ጭንቅላት እንጂ ከቆመ ሰው ዐይን አይለካም። ይህን ለማወቅ ንድፍ ከመጀመሬ በፊት ባዶ አልጋ ለምኜ እተኛለሁ፤ ነርሶቹ በመጀመሪያ ይሥቃሉ፣ ቆይተው ግን የመብራቱ ነጸብራቅ በየትኛው ሰዓት የቱ ግድግዳ ላይ እንደሚወድቅ የሚነግሩኝ እነርሱው ናቸው።

ለተኛው ሰው ማሰብን ከማንም በላይ በግልጽ ያሳየው ሠዓሊ ሳይሆን አርክቴክት ነው። በፊንላንድ ፓይሚዮ ለሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን የተሠራው ሳናቶሪየም እ.ኤ.አ. በ1933 ሲከፈት፣ አልቫር አልቶ የመኝታ ክፍሎቹን ኮርኒስ ጠቆር ያለ አረንጓዴ አስቀብቶት ነበር፤ ቀኑን ሙሉ በጀርባቸው የሚተኙ ሰዎች ዋና «ግድግዳ» እርሱ ነውና። መብራቱን ከተኛው ሰው ዐይን አርቆ አስቀመጠው፤ የእጅ መታጠቢያውንም ውኃው ሲወርድ ድምፅ እንዳያሰማና ጎረቤት ሕመምተኛን እንዳይቀሰቅስ አድርጎ ቀረጸው። ጠቆር ያለ ኮርኒስ በምረቃ ፎቶግራፍ ላይ ደስ አይልም፤ አስተያየት ሰጪያችንም ቢያየው ኖሮ «ያጨልማል» ይል እንደ ነበር አልጠራጠርም።

ለሕሙም ሥዕል በልክ ማዘዝ ለእኛም አገር አዲስ አይደለም። ደብተራው በብራና ላይ ጸሎትና ጠልሰም ሲያዘጋጅ፣ ክታቡ የሕሙሙን ሙሉ ቁመት ያህል እንዲረዝም የሚደረግበት ልማድ ነበር፤ ሰውዬውን ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ እንዲጠብቀው ታስቦ ነው። የባለቤቱ ስም በውስጡ ይጻፋል፤ ትልልቅ ዐይኖች ከመሐል ይመለከታሉ። ስለ ፈዋሽነቱ የምናገረው የለኝም፤ ሙያዬም አይደለም። ልኩ ከሕሙሙ አካል መወሰዱ ግን የዛሬዎቹ አዛዦች የረሱት ነገር ነው።

ታዋቂ የሚባሉትን የሆስፒታል ሥዕሎች ስንመረምር ስሕተቱ የቆየ መሆኑን እናያለን። በለንደን ቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል እንግሊዛዊው ሠዓሊ ዊልያም ሆጋርት እ.ኤ.አ. ከ1736 እስከ 1737 ያለ ክፍያ የሠራቸው ሁለት ግዙፍ ሥዕሎች ዛሬም አሉ፤ አንዱ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ የተፈወሰውን መጻጉዕን፣ ሁለተኛው ደጉን ሳምራዊ ያሳያል። ሁለቱም ድንቅ ናቸው። ይሁን እንጂ የሚገኙት ወደ ታላቁ አዳራሽ በሚያወጣው ደረጃ ግድግዳ ላይ ነው፤ በዚያ ደረጃ የሚወጡት ደግሞ የሆስፒታሉ አስተዳዳሪዎችና ለጋሾች ነበሩ። ሥዕሎቹ ስለ ሕሙማን እንጂ ለሕሙማን አልተሣሉም። የዛሬው የእንግዳ መቀበያ ሥዕልም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ለጋሽን ማመስገን ነውር የለበትም፤ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም ያሠራውን ሰው ከሥዕሉ ግርጌ ሰግዶ ይሥሉት ነበር። ዋናው ሥዕል ግን የለጋሹ መልክ አልነበረም።

አሁን ወደ ፈገግታው ልመለስ። ሥዕሉን እንደ ሕመምተኛ ጠያቂ ብንቈጥረው ነገሩ ይቀላል። ደኅና ጠያቂ በሩን ቀስ ብሎ ይከፍታል፣ «እግዜር ይማርህ» ይላል፣ ሕሙሙ አንገቱን ሳያዞር ሊያየው በሚችልበት ቦታ ይቀመጣል፤ ሕሙሙ ማውራት ከፈለገ ያወራል፣ ካልፈለገም ዝም ብሎ አብሮት ይቆያል። ሌላው ጠያቂ «ምንም አልሆንክም፤ ነገ ተነሥተህ ትጨፍራለህ!» እያለ ክፍሉን በሣቅ ይሞላዋል፤ ሕሙሙም ለእንግዳው ክብር ሲል ሥቃዩን ውጦ ፈገግ ይላል። አስተያየት ሰጪው የሚመኘው ሥዕል ይህ ጠያቂ ነው። ስለ ራሱ ብቻ የሚያወራም ጠያቂ አለ፤ በየሆስፒታሉ የራሱን ስልት ለማሳየት የሚሥል ሠዓሊ ማለት ነው። ትኩሳት ላለበት ሰው እንቆቅልሽ የሚያቀርብም አለ። ከሁሉ የከፋው ግን «ጎረቤታችንም በዚሁ ሕመም ነው የሞቱት» የሚለው ነው፤ ባዶ ወንበር፣ ዳር ላይ የቆመች ጀልባ፣ ቅጠሉ የረገፈ ዛፍ የምንሥል ሰዎች ሳናስበው እንደዚያ እንናገራለን። ንጽጽሩ የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ጠያቂ ሰዓቱ ሲደርስ ይወጣል፣ ሥዕል ግን ያድራል። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን ሁሉን ተናግሮ የሚጨርስ ሥዕል በሦስተኛው ቀን ያሰለቻል። እኔ በበኩሌ ዐይን ቀስ እያለ የሚሄድበት መንገድ፣ ከአጥሩ ወዲያ የሚታይ ሜዳ፣ ከቆዩ በኋላ ብቻ የሚገኝ አንድ ትንሽ ነገር ማስገባትን እመርጣለሁ። ከአልጋው ጎን ወንበር ላይ የምታድረው አስታማሚም የዚህ ሥዕል ባለቤት ናት፤ ብዙ ጊዜ ከሕሙሙ ይበልጥ የምታየው እርሷ ናት።

ደስታን ማሳየት ብቻ ያጽናናል ለሚል ሰው የማቀርበው ምሳሌ የኢዘንሃይም የመሠዊያ ሥዕል ነው። ጀርመናዊው ሠዓሊ ማቲያስ ግሩኔቫልድ እ.ኤ.አ. ከ1512 እስከ 1516 ባለው ጊዜ፣ በዛሬዋ ምሥራቃዊ ፈረንሳይ፣ በአባ እንጦንስ ስም የሚጠሩ መነኮሳት ለነበሩበት ገዳም ሠራው። መነኮሳቱ ያስታምሙ የነበሩት በእህል ላይ በሚያድግ ሻጋታ ተመርዘው ቆዳቸው የቈሰለና እጅ እግራቸው የበሰበሰ ሰዎችን ነበር፤ ይኸው መርዝ በእኛም አገር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በወሎ ሰው ጎድቷል። ሠዓሊው የተሰቀለውን ክርስቶስ የሣለው ገላው በሙሉ ቍስል በቍስል ሆኖ ነው። በሌላው የሥዕሉ ገጽ ደግሞ ሆዱ ያበጠ፣ ቆዳው የቈሳሰለ ሕሙም አለ። ሥዕሉ እንደ በር የሚከፈቱ ክንፎች አሉት፤ ሲከፈቱ ቆዳው የጠራው፣ በብርሃን የተከበበው ትንሣኤ ይታያል፤ ደማቁ ቀለም አለ ማለት ነው፣ ግን የሚገኘው ከስቅለቱ በስተጀርባ ነው። ሥዕሉ ሕሙሙን ምንም አልሆንክም አይለውም፤ ያንተን ሕመም የሚያውቅ አለ ይለዋል። ዛሬ ግን ይህንኑ ሥዕል ገልብጣችሁ በካንሰር ክፍል ስቀሉ እያልሁ አይደለም፤ የዚያ ዘመን ሕሙም በየቀኑ የሚሰማውን ጸሎትና የሚያውቀውን ታሪክ ይዞ ነበር የሚያየው። ሃይማኖታቸው የተለያየ ሰዎች በሚተኙበት የሕዝብ ሆስፒታል ሒሳቡ ሌላ ነው።

በማስረጃ በኩልም መጠንቀቅ ይገባል። አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮጀር ኡልሪክ እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመው ጥናት፣ የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው 46 ሕሙማን መካከል ዛፍ በሚታይበት መስኮት አጠገብ የተኙት፣ የጡብ ግንብ ከሚያዩት ይልቅ ቶሎ ከሆስፒታል ወጥተዋል፤ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም ያነሰ ወስደዋል። ይህ ጥናት ሥዕል ለመሸጥ በሚፈልግ ሰው ሁሉ ይጠቀሳል፤ ጥናቱ ግን ስለ መስኮት ነው። ወደ ሥዕል የሚቀርበው በስዊድን ኡፕሳላ የልብ ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ሰዎች ላይ የተካሄደው ሲሆን፣ ውኃና ዛፍ ያለበት ምስል የተሰቀለላቸው ሕሙማን ጭንቀታቸው ቀንሶ ተገኝቷል፤ በቀጥታ መስመሮች የተሠራ ረቂቅ (የታወቀ ነገር መልክ የሌለው) ምስል የተሰቀለላቸው ግን ምንም ካልተሰቀለላቸው የባሰ ተጨንቀዋል። ከዚህ ተነሥቶ ረቂቅ ሥዕል ሁሉ ይጎዳል ማለት አይቻልም። መጥፎ ሥዕል ከባዶ ግድግዳ ሊብስ እንደሚችል ግን ያስተምራል፤ «ምንም ከሚጠፋ ይሻላል» ለሚሉ አዛዦች ይህን ደጋግሜ እነግራቸዋለሁ። የሕፃናት ክፍልም ያው ነው፤ የእንግሊዙ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 በሆስፒታል ያሉ 250 ያህል ሕፃናትንና ወጣቶችን ሲጠይቁ፣ ትልልቆቹ ያስደስታል ብለው የሚሥሉትን የሰርከስ አስቂኝ ፊት ልጆቹ አልወደዱትም፤ አንዳንዶቹም ፈርተውታል።

ስለ ደማቅ ቀለም አንድ የሙያ ነገር ልጨምር። ቢጫ ግድግዳ በፊት ላይ ቢጫ ነጸብራቅ ይጥላል፤ ሐኪም ደግሞ የወፍ በሽታን፣ የደም ማነስንና የከንፈር መጥቈርን በመጀመሪያ የሚያየው በዐይኑ ነው። አዲስ የተወለዱ ሕፃናት በሚተኙበት ክፍል ሰፊ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ሥዕል እንድሠራ ስጠየቅ እምቢ የምለው በዚህ ምክንያት ነው። ወፍራም ቀለም እየደራረቡ መሥራትም አቧራ ይይዛል፤ የጽዳት ሠራተኛዋ በበረኪና የምትወለውለውን ገጽ ካላሰቡበት ሥዕሉ በአጭር ጊዜ ይላላጣል። በአእምሮ ሕክምና ክፍል መስተዋት ያለው ክፈፍ አይገባም፤ ክፈፉም ከግድግዳው ጋር በብሎን ይታሰራል። የዘይት ቀለምና የማቅጠኛው ሽታ ሕሙማን ባሉበት አይታሰብም፤ ስለዚህ አብዛኛውን ሥራ በስቱዲዮ በጨርቅ ላይ ጨርሼ ግድግዳው ላይ አስለጥፋለሁ። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች በአቡጀዲ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ መለጠፍን ከእኛ ቀድመው ያውቁበታል።

የቀረው የትእዛዙ ጉዳይ ነው። አዛዡ ማን ነው? ውሉን የሚፈርመው አስተዳደሩ፣ ገንዘቡን የሚሰጠው ለጋሹ፣ ሥዕሉን የሚያየው ሕሙሙ ነው፤ ሦስቱ እምብዛም አንድ ክፍል ውስጥ አይገናኙም። እ.ኤ.አ. በ1936 በኒው ዮርክ ሃርለም ሆስፒታል በመንግሥት ፕሮግራም የታዘዙት የግድግዳ ሥዕሎች ንድፍ ሲቀርብ፣ ኃላፊዎቹ ጥቁር ሰው በዝቶባቸዋል ብለው ተቃወሙ። ሆስፒታሉ የነበረው በጥቁሮች ሰፈር መካከል ነው። ሠዓሊው ቻርልስ አልስተንና ባልደረቦቹ ተከራክረው ሥዕሎቹ ተሠሩ፤ አልስተን ከሣላቸው አንዱ የአፍሪካን ባህላዊ ፈውስ፣ ሌላው ዘመናዊውን ሕክምና ያሳያል። በዚያ ክርክር ሠዓሊዎቹ የቆሙት በግድግዳው ሥር ለሚያልፈው ሰው ነበር።

ስለዚህ እንዲህ ዐይነት ሥራ የሚያዝዝ ሆስፒታል ስለ ቀለም ምርጫ ከመነጋገሩ በፊት ጥቂት ነገሮችን በውሉ ቢያሰፍር ይጠቅመዋል። ረቂቅ ንድፉን የዚያው ክፍል ነርሶችና የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው አይተው አስተያየት እንዲሰጡበት፣ የሚሰቀልበት ቦታና ቁመት ሠዓሊው ባለበት እንዲወሰን፣ በምን እንደሚጸዳ በጽሑፍ እንዲሰጥ፣ ክፍሉ አገልግሎቱን ሲለውጥ ሥዕሉም ቦታ እንዲለውጥ። ለማዋለጃ ክፍል የተሠራ ሥዕል ክፍሉ ወደ ጽኑ ሕሙማን ሲቀየር እዚያው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። እኔ ራሴ በምፈርመው ውል ውስጥ፣ ሕሙማን ወይም ሠራተኞች ሥዕሉ እንደሚረብሻቸው ደጋግመው ከተናገሩ ሆስፒታሉ እኔን አሳውቆ ሊያወርደው እንደሚችል የሚገልጽ አንቀጽ አስገባለሁ፤ እስካሁን ይህን አንቀጽ የተቃወሙት ለጋሾች እንጂ ነርሶች አይደሉም።