የእጃችን ድካም ለማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

አንድን ሰው «ለምን ትሠራለህ?» ብለን ብንጠይቀው ብዙ ሳያመነታ «ለመኖር ነዋ» ይለናል። ጥቂት ቆይቶ ግን ሌላም ይጨምራል፤ ልጆቹን ለማሳደግ፣ ወላጆቹን ለመጦር፣ የሰው እጅ ጠባቂ ላለመሆን፣ የተማረው ትምህርት በከንቱ እንዳይቀር፣ በሰው ፊት ለመከበር፣ ወይም ሥራ ፈትቶ መዋል ስለሚከብደው። እነዚህ ምክንያቶች በአንድ ልብ ውስጥ ተደባልቀው ስለሚኖሩ የትኛው እንደሚቀድም ሠራተኛው ራሱ አጥርቶ ላያውቅ ይችላል። ምእመን ግን ሊመረምረው ይገባል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቦታ አንድ ዓይነት ሥራ እየሠሩ፣ አንዱ በሥራው ወደ እግዚአብሔር ሲቀርብ ሌላው የሚርቅበት ጊዜ አለና፤ የሚለያያቸውም ብዙውን ጊዜ የሚሠሩበት ምክንያት ነው።

አስቀድሞ መታረም ያለበት አንድ አሳብ አለ። ብዙዎቻችን ሥራን የአዳም በደል ያመጣው ቅጣት አድርገን እንቆጥራለን። ነገር ግን እግዚአብሔር አዳምን በዔድን ገነት ያኖረው «ያበጃትም ይጠብቃትም ዘንድ» እንደ ሆነ በዘፍጥረት 2፥15 ተጽፏል፤ ይህም ትእዛዝ ከመፍረሱ በፊት ነው። ከውድቀት በኋላ የተጨመረው እሾሁና አሜከላው፣ የፊት ወዙና የልፋቱ ምሬት ነው። ሥራ ያጣ ሰው የሚሰማው ሕመም የገንዘብ ችግር ብቻ የማይሆነውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። እግዚአብሔር የመገናኛውን ድንኳን ሲያሠራ ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ ወርቅና ብር እንዲሠራ፣ ዕንቁ እንዲቀርጽ፣ እንጨት እንዲጠርብ መንፈሱን እንደ ሞላበት በዘጸአት 31 እናነባለን። እንግዲህ ሥራውን በሚገባ ሠርቶ በሙያው ደስ የሚለው ሰው ደስታውን እንደ ሥጋዊ ነገር ቆጥሮ ሊያፍርበት አይገባም።

«የምሠራው ለእንጀራ ነው» የሚለውንም መልስ ማቃለል የለብንም። ጌታችን የዕለት እንጀራችንን እንድንለምን አስተምሮናል። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋ እንደ ነበር የሐዋርያት ሥራ 18፥3 ይናገራል፤ ለተሰሎንቄ ሰዎችም ሌሊትና ቀን የደከመው ከእነርሱ በአንዱ ላይ እንዳይከብድ ብሎ እንደ ሆነ ጽፎላቸዋል። ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖትን የካደ፣ ከማያምንም ሰው ይልቅ የከፋ መሆኑን ለጢሞቴዎስ ሲጽፍለት ደግሞ (1ኛ ጢሞ 5፥8) ለልጆቹ ጉርስ የሚደክመውን አባትና ሌሊቱን ሥራ ላይ የምታድረውን እናት ከሃይማኖት ሰዎች መካከል እንዳቆማቸው እንረዳለን። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል። «ሊሠራ የማይወድ አይብላ» የሚለው ቃል ሥራ ፈልገው ያጡ ወንድሞችና እኅቶች ፊት ሲጠቀስ ስሰማ እጅግ አዝናለሁ። ሐዋርያው የገሠጸው መሥራት እየቻሉ ያልወደዱትን ነው። በሕመም፣ በእርጅና ወይም ቀጣሪ በማጣት የተቸገረን ሰው በዚህ ቃል መምታት ችግሩ ላይ ኀፍረት መጨመር ነው።

ከእንጀራው ጀርባ የሚደበቁ ሌሎች ምክንያቶች ግን አሉ፤ በእነርሱ ላይ ብርቱ ጥንቃቄ ያስፈልገናል። የባቢሎንን ግንብ የጀመሩት ሰዎች «ስማችንን እናስጠራው» ብለው ነበር። ጠቢቡ በመክብብ 4፥4 ድካምና የሥራ ብልሃት ሁሉ ሰው በባልንጀራው ላይ ከሚቀናው ቅናት እንደሚመጣ ይናገራል። ከባድ ቃል ነው፤ ነገር ግን ደመወዛችን አልበቃን የሚለው ብዙ ጊዜ የጎደለን ነገር ኖሮ ሳይሆን የጎረቤታችንን ካወቅን በኋላ መሆኑን ልባችን ያውቀዋል። እዚያው ምዕራፍ ውስጥ ደግሞ ልጅም ወንድምም ሳይኖረው ለድካሙ መጨረሻ ስለሌለው ሰው ተጽፏል፤ ዓይኑ ባለጠግነትን አይጠግብም፣ «ለማን እደክማለሁ?» ብሎም ራሱን አይጠይቅም። እኔ በዚህ ሰው ላይ መፍረድ ይከብደኛል። ምናልባት በመጀመሪያ ለቤተሰብ ብሎ የተነሣ፣ ነገር ግን ሥራው ቀስ በቀስ ምክንያቱን ውጦበት ቤተሰብ የሚያፈራበት ጊዜ ያለፈበት ሰው ይሆናል። ዛሬም «ለልጆቼ ነው» እያለ ልጆቹን በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የማያይ አባት ከዚህ ሰው ብዙ አይርቅም።

እንግዲህ የሚበልጠው ምክንያት የቱ ነው? ሐዋርያው በኤፌሶን 4፥28 እንዲህ ይላል፦ «የሰረቀ ከእንግዲህ ወዲህ አይስረቅ፥ ነገር ግን በዚያ ፈንታ ለጎደለው የሚያካፍለው እንዲኖርለት በገዛ እጆቹ መልካምን እየሠራ ይድከም።» ትእዛዙ ለማን እንደ ተሰጠ እናስተውል። የተነገረው ለባለጠጋ ሳይሆን ትናንት የሰው ገንዘብ ይሰርቅ ለነበረ፣ ዛሬም ኪሱ ባዶ ለሆነ ሰው ነው። እንዲህ ላለው ሰው መስረቁን ተወ፣ ሠርቶም ራሱን ቻለ ቢባል ትልቅ ነገር በሆነ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ራሱን ከመቻል አልፎ እንዲሄድ ይፈልጋል፤ ይወስድ የነበረው እጅ የሚሰጥ እጅ እስኪሆን ድረስ ንስሐው አልተፈጸመም። ሥራም በዚህ ሰው ሕይወት ውስጥ የንስሐው ፍሬ ይሆናል። ደግሞም «መልካምን እየሠራ» ይላል እንጂ እንደ ምንም ብሎ ገንዘብ ያግኝ አይልም፤ ባልንጀራን እየጎዳ ከተገኘ ትርፍ ላይ ምጽዋት ማውጣት የታዘዘው አይደለም።

ይህን የጻፈው ሐዋርያ ቃሉን በኤፌሶን ሰዎች ፊት በእጁ አስቀድሞ ፈጽሞት ነበር። ከሚሊጢን ልኮ የኤፌሶንን ቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ባስጠራቸው ጊዜ፣ እነዚህ እጆቹ ለእርሱና ከእርሱ ጋር ለነበሩት የሚያስፈልገውን እንዳገለገሉ እነርሱ ራሳቸው እንደሚያውቁ ነገራቸው። ቀጥሎም እንዲሁ እየደከሙ ድውዮችን መርዳት እንደሚገባ አሳይቻችኋለሁ ብሎ፣ ጌታችን የተናገረውንና በአራቱ ወንጌላት ተጽፎ የማናገኘውን «ከሚቀበል ይልቅ የሚሰጥ ብፁዕ ነው» የሚለውን ቃል አሳሰባቸው (ሐዋ 20፥34-35)። ስለዚህ መልእክቱ ሲነበብላቸው የሰሙት የሚያውቋቸው እጆች የጻፉት ያህል ሳይሆንላቸው አልቀረም።

አባቶቻችንም የተቀበሉት ይህንኑ ነው። ገድሉን የጻፈው ቅዱስ አትናቴዎስ እንደሚነግረን አባ እንጦንስ ሀብቱን ሁሉ ለድሆች ሰጥቶ ከመነነ በኋላ፣ የማይሠራ አይብላ የሚለውን ስለ ሰማ በእጁ ይሠራ ነበር፤ ካገኘውም ከፊሉን ለእንጀራው ያውለዋል፣ ከፊሉን ለችግረኞች ይሰጠዋል። ሁሉን ትቶ ከወጣ ሰው ማንም ምጽዋት አይጠብቅም ነበር። ነገር ግን ምናኔ ከመስጠት ነጻ እንደሚያወጣው አላሰበም፤ የእጁን ሥራም የጸሎት ተቃራኒ አላደረገውም።

ምናልባት አንድ ምእመን «እንግዲያስ ለዚህ የሚመች ሌላ ሥራ ልፈልግ?» ይል ይሆናል። አንዳንድ ጊዜ፣ ሥራው ራሱ ኃጢአት ከሆነ፣ አዎን። በአብዛኛው ግን መልሱን ከመጥምቁ ዮሐንስ እንሰማለን። ቀራጮችና ወታደሮች ቀርበው «ምን እናድርግ?» ባሉት ጊዜ ሥራችሁን ትታችሁ ወደ ምድረ በዳ ኑ አላላቸውም። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ፣ ወታደሮቹን ደግሞ ግፍ አትሥሩ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃ 3፥12-14)። በማግስቱም ወደዚያው ሥራ ይመለሳሉ፤ የሚገቡት ግን ሌላ ሰዎች ሆነው ነው። ሐዋርያው በቆላስይስ 3 የምታደርጉትን ሁሉ ለሰው ሳይሆን ለጌታ እንደምታደርጉ አድርጉ ያላቸውም ሥራቸውን ያልመረጡና ደመወዝ የማይከፈላቸው ባሪያዎች ነበሩ። የሥራ ምርጫቸው በሌላ ሰው እጅ ቢሆንም የሚሠሩበት ምክንያት ግን የራሳቸው ነበር፤ ርስቱን ብድራት አድርገው ከጌታ እንደሚቀበሉም ተስፋ ሰጥቷቸዋል። ይህ ቃል የማይወደውን ሥራ ሌላ አማራጭ አጥቶ ለሚሠራ ሁሉ ትልቅ መጽናኛ ነው።

በተግባር ከየት እንጀምር ለሚል ሐዋርያው ራሱ ቀላል ሥርዓት ትቶልናል፤ በ1ኛ ቆሮንቶስ 16፥2 እያንዳንዱ ከሳምንቱ በፊተኛው ቀን እንደ ቀናው መጠን በቤቱ እንዲያስቀምጥ ያዝዛል። ከወጪ የተረፈውን ሳይሆን አስቀድሞ የተለየውን መስጠት ማለት ነው። መጠኑ ትንሽ ቢሆን አያሳፍርም። ሰው ገና ሲሠራ ከድካሙ ከፊሉ የሌላ ሰው መሆኑን ካወቀ በሥራ ቦታ ያለው ጠባይ ይለወጣል፤ መጭበርበር ይከብደዋል፣ በባልንጀራው ዕድገት መቅናቱም ይቀንሳል።

ሠራተኛ የሚያስተዳድር ምእመን ደግሞ ሌላ ዕዳ አለበት። የድሀው ነፍስ በደመወዙ ላይ ተንጠልጥላለችና ፀሐይ ሳይገባ ክፈለው ይላል ዘዳግም 24፥15፤ ቅዱስ ያዕቆብም የተቀማው የአጫጆች ደመወዝ እንደሚጮኽ ይናገራል። ሠራተኛውን እያዘገየ ለቤተ ክርስቲያን መባ የሚያመጣ ሰው አስቀድሞ ይህን ይክፈል።

ሥራ ፈልጋችሁ ያጣችሁ፣ ወይም በቤት ውስጥ ሕሙማንንና ሕፃናትን እየረዳችሁ ደመወዝ የሌላችሁ፣ ድካማችሁ በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተቆጠረ አታስቡ። በማቴዎስ 20 ያሉት ሠራተኞች እስከ ዐሥራ አንደኛው ሰዓት በአደባባይ የቆሙት «የሚቀጥረን ስለ አጣን ነው» ብለው ነበር፤ ባለቤቱም ስለ መቆማቸው አልነቀፋቸውም፣ ወደ ወይኑ ቦታ ላካቸው እንጂ፤ ሲከፈልም የጀመረው ከእነርሱ ነው። እኛም ከቅዳሴ በኋላ ተሳስመን ከመለያየታችን በፊት ከመካከላችን ሥራ ያጣው ማን እንደ ሆነ እንጠያየቅ፤ በምንሠራበት ቦታ ክፍት ቦታ መኖሩን የምናውቅም ለዚያ ወንድም ወይም ለዚያች እኅት ሳንውል ሳናድር እንንገር።