ጠፈር ለምን ጨለማ ሆነ? «ከዋክብት ሩቅ ስለሆኑ» መልስ አይደለም

ፊዚክስ በማስተምርበት ክፍል በየዓመቱ ሳልሰማው የማላልፈው አንድ መልስ አለ። ስፍር ቁጥር የሌላቸው ከዋክብት እያሉ ጠፈር ለምን ጨለማ ይሆናል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ተማሪውም፣ ወላጁም፣ አንዳንዴም አስተማሪው ራሱ «ከዋክብቱ በጣም ሩቅ ስለሆኑ ብርሃናቸው እኛ ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል» ይላል። አንድ ባልደረባዬ ያረመውን የፈተና ወረቀት ሳገላብጥ ይህንኑ የጻፈው ልጅ ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ፣ «አጽናፈ ዓለም ዕድሜው የተወሰነ ስለሆነ» ብላ የጻፈችው ልጅ ግን በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎባት አየሁ። ትክክለኛውን መልስ የሰጠችው እሷ ነበረች።

የርቀቱ ነገር ግማሹ እውነት ነው፤ ስሕተቱ አልነቀል ያለውም በዚሁ ምክንያት ነው። የአንድ ኮከብ ርቀት እጥፍ ሲሆን ከእሱ የሚደርሰን ብርሃን ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ሦስት እጥፍ ሲርቅ ደግሞ ወደ አንድ ዘጠነኛ። ሆኖም ሰማዩን የሚያበራው የአንዱ ኮከብ ብርሃን ሳይሆን የሁሉም ድምር ነው። ከዋክብት በአማካይ በእኩል ተበትነዋል እንበልና፣ በዙሪያችን እኩል ውፍረት ያላቸውን ንብርብሮች እናስብ። በመጀመሪያው ንብርብር 100 ከዋክብት ካሉ፣ በእጥፍ ርቀት ላይ ያለው ንብርብር አራት እጥፍ ስፋት ስላለው 400 ይይዛል፤ የእያንዳንዳቸው ብርሃን ሩብ ስለሆነ ድምሩ ያው የ100ዎቹ ያህል ነው። በሦስት እጥፍ ርቀት 900 ከዋክብት ይኖራሉ፤ እያንዳንዳቸው አንድ ዘጠነኛ ሲያበሩ አሁንም ድምሩ አልተነቃነቀም። ርቀት የወሰደውን ብዛት ይመልሰዋል። ስለዚህ ንብርብሮቹ ማለቂያ ባይኖራቸውና የሁሉም ብርሃን በደረሰን ኖሮ፣ ጥቅጥቅ ባለ የባሕር ዛፍ ደን መካከል የቆመ ሰው በየትኛውም አቅጣጫ ቢመለከት ዓይኑ ግንድ ላይ እንደሚያርፍ፣ የእኛም ዓይን በየአቅጣጫው ኮከብ ላይ ባረፈ ነበር። ፀሐይ ከመላው ሰማይ የምትሸፍነው ከ180,000 እጅ አንድ እጅ ያህሉን ብቻ ነው፤ ሰማዩ ሁሉ እንደ ገጽዋ ቢያበራ ኖሮ ምድር ላይ ውቅያኖስ ቀርቶ ድንጋይም ባልተረፈ ነበር።

ይህን ስሌት ለአጎቴ ልጅ፣ ለኢንጂነሩ፣ በወረቀት ላይ አስረድቼው ሲያበቃ «ቢሆንም ብርሃን መንገድ ሲረዝምበት ይደክማል» አለኝ። በባዶ ጠፈር የሚጓዝ ብርሃን ይሰራጫል እንጂ አይደክምም፣ ተሟጥጦም አያልቅም። በኅዳርና በታኅሣሥ ምሽት፣ ጨረቃ በሌለችበት፣ ከከተማ መብራት ርቆ ወደ ሰሜን ቀና ያለ ሰው አንድሮሜዳ የተባለውን ጋላክሲ ደብዘዝ ያለ ሞላላ ብርሃን ሆኖ በዓይኑ ብቻ ያየዋል፤ ያ ብርሃን ዓይኑ ውስጥ የገባው 2.5 ሚሊዮን ዓመት ተጉዞ ነው። ከዚህም የቀረበ ማስረጃ ፍኖተ ሐሊብ ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 ቴሌስኮፕ ያነጣጠረበት ያ ነጣ ያለ መቀነት፣ አንድ በአንድ ለዓይን የማይታዩ እልፍ አእላፍ ከዋክብት ድምር ሆኖ ተገኝቷል። ርቀት እያንዳንዱን ኮከብ ከዓይን ቢሰውረውም የድምሩን ብርሃን አላጠፋውም።

አስተማሪዎች ሆይ፣ እባካችሁ ይህን የ100፣ የ400 እና የ900 ስሌት ተማሪዎቹ ራሳቸው ወጥተው ሰሌዳ ላይ እንዲሠሩት አድርጉ፤ በቃል ቢነገራቸው በማግስቱ ወደ «ሩቅ ስለሆኑ» ይመለሳሉ። በፈተናም ላይ «ጠፈር ለምን ጨለማ ሆነ?» ብላችሁ ብቻ አትጠይቁ፤ «የርቀት ምክንያት ለምን አይበቃም?» የሚለውን ጨምሩበት።

ታዲያ እውነተኛው ምክንያት ምንድን ነው? ጊዜ ነው። ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አጽናፈ ዓለም ደግሞ ዕድሜው 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆነ፣ ከዚህ ለሚበልጥ ጊዜ የተጓዘ ብርሃን የለም። ከዋክብት በጠፈር ውስጥ እጅግ የተራራቁ በመሆናቸው ግን፣ በየአቅጣጫው የምናየው መስመር ኮከብ ላይ እንዲያርፍ ብርሃን ቢያንስ ከ1 ቀጥሎ 23 ዜሮ ያለው የዓመት ቁጥር ያህል መጓዝ ያስፈልገዋል። ያለን ጊዜ ከሚያስፈልገው ከትሪሊዮን እጥፍ በላይ ያንሳል። እንጠብቅ ብንልም አያዋጣም፤ እንደ ፀሐያችን ያለ ኮከብ ነዳጁን በ10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ይጨርሳልና፣ የሩቆቹ ብርሃን እስኪደርስ የቅርቦቹ ይጠፋሉ። የዚህን መልስ ፍሬ ነገር እ.ኤ.አ. በ1848 ያሳተመው አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አለን ፖ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ ሎርድ ኬልቪን በስሌት ያጸናው ደግሞ በ1901 ነው። የፊዚክስ ሰዎች ይህን ከደራሲ መስማታቸው ብዙም የሚወዱት ታሪክ አይደለም።

«አቧራና ጋዝ ብርሃኑን ይጋርደዋል» የሚለው መልስ የተከበረ ታሪክ አለው፤ ጥያቄው ዛሬም በስሙ የሚጠራለት የብሬመን ከተማ ሐኪምና የከዋክብት ተመልካች ሃይንሪክ ኦልበርስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1823 ያቀረበው ይህንኑ ነበር። ይሁንና አቧራው የዋጠው ብርሃን የትም አይሄድም፤ አቧራውን ያሞቀዋል፣ አቧራውም በበቂ ጊዜ እንደ ከዋክብቱ ያበራል።

«ጠፈር ውስጥ አየር ስለሌለ ነው» የሚሉ ሰዎች ሌላ ጥያቄ እየመለሱ ነው። ጨረቃ ላይ ፀሐይ ወጥታ ሰማዩ ጥቁር የሚሆነው ብርሃን የሚበትን ከባቢ አየር ስለሌለ ነው፤ ከዋክብት ሰማዩን ለምን እንዳልሞሉት ግን አየር መኖሩም አለመኖሩም አያስረዳም። ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ያነሷቸው ፎቶዎች ኮከብ የማያሳዩትም ካሜራው በፀሐይ ለበራ መሬት ተስተካክሎ በሴኮንድ ክፍልፋይ ስለተከፈተና ስለተዘጋ ነው፤ ከዚያ የተለየ ምስጢር የለውም።

ትንሽ ከፍ ያለ ንባብ ያላቸው ደግሞ «አጽናፈ ዓለም ስለሚሰፋ ብርሃኑ ተለጥጦ ከዓይን ይሰወራል» ይላሉ። ይህን አስተያየት አላናንቀውም፤ አመጣጡ ግን መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1952 ጥያቄውን «የኦልበርስ ተቃርኖ» በሚል ስም ያስታወቀው ኸርማን ቦንዲ፣ አጽናፈ ዓለም መጀመሪያ የለውም ከሚሉት ወገን ነበር። ዕድሜ ምክንያት ሊሆን የማይችልበት ሰው መስፋትን ምክንያት ማድረጉ የግድ ነው፤ የእሱ ንድፈ ሐሳብ ከተጣለ በኋላ መልሱ ብቻውን ቀረ። የከዋክብትን ብርሃን በተመለከተ የመስፋት ድርሻ ድምሩን ወደ ግማሽ ገደማ መቀነስ ነው፤ ዋናው ሥራ የዕድሜ ነው።

መስፋት በእርግጥ ወሳኝ የሚሆንበት ቦታ ግን አለ፤ እሱም «ጠፈር ፍጹም ጨለማ ነው» የሚለውን የመጨረሻውን ስሕተት ያፈርሳል። አጽናፈ ዓለም 380,000 ዓመት ገደማ ሲሞላው፣ እስከ 3,000 ኬልቪን (ሊኖር ከሚችለው የመጨረሻ ቅዝቃዜ ተነሥቶ የሚቆጠር የሙቀት መለኪያ ነው) የጋለና የሚያበራ ጋዝ በሁሉም ቦታ ሞልቶ ነበር። በየትኛውም አቅጣጫ፣ በከዋክብት መካከል፣ የምናየው መስመር በመጨረሻ የሚያርፈው በዚያ ጋዝ ላይ ነው። ብርሃኑ 1,100 ጊዜ ያህል ተለጥጦ ወደ ማይክሮዌቭ ስለተለወጠ ዓይናችን አያየውም እንጂ ዛሬም በ2.7 ኬልቪን ሰማዩን ሁሉ ይሞላዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 በኒው ጀርሲ አርኖ ፔንዚያስና ሮበርት ዊልሰን በአንቴናቸው የሰሙትን የማያቋርጥ ጫጫታ የርግብ ኩስ ያመጣው መስሏቸው አንቴናውን አጸዱት፤ ጫጫታው ግን አልጠፋም፤ ያው የጥንቱ ጋዝ ብርሃን ነበርና በ1978 የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ለዓይን በሚታየው ብርሃን በኩልም፣ ፕሉቶን አልፋ የሄደችው ኒው ሆራይዘንስ መንኮራኩር በፕላኔቶች መካከል ያለ አቧራ የሚበትነው የፀሐይ ብርሃን ከማያስቸግርበት ርቀት የለካችው የጠፈር ደብዛዛ ብርሃን፣ እ.ኤ.አ. በ2024 በወጣው ትንታኔ መሠረት፣ ከታወቁት ጋላክሲዎች ድምር ጋር በስሕተት ወሰኑ ውስጥ ይገጥማል።